ጨፌው ቦይ ይቀደድለት ወይስ ይቆይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢያን፣ እንዴት ከረማችሁ። ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ውሃ ስላቆረ መሬት ናቸው፣ አንዱ ከአዘዞ፣ አንዱ ከጎርጎራ፣ አንዱ ደግሞ ከዚሁ ከጎንደር ፒያሳ። የመጀመሪያውን ረዘም አርገን ነው የመለስነው፣ የቤተሰብ መሬት ነገር ነው፣ ደግሞም አንዴ ከተቆፈረ ወዲያ ብንጸጸት የማይመለስ ነገር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከአዘዞ ነው። ጀርመን ሀገር ያለ ታናሽ ወንድሜ ሃርዝ ሚባል ተራራ ላይ ሄዶ የሐይቅ ፎቶ ላከልኝ፣ ኦደርታይኽ ይባላል፣ ዙሪያው ጫካ ነው በጣም ያምራል። የተፈጥሮ መስሎኝ ነበር፣ ሰው ሠራሽ ነው 300 ዓመት አልፎታል አለኝ። ከዛ እዛው አካባቢ ያለ ረግረግ አሳየኝና አፈሩን ድሮ እየቆረጡ አድርቀው እንደ ኩበት ያነዱት ነበር አለኝ። የገረመኝ ለምን መሰላችሁ፣ ከደባርቅ በላይ የአባታችን መሬት ላይ እንደዚሁ ያለ ጨፌ አለን፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ስትረግጠው እንደ ፍራሽ ይረግባል፣ በጋ እንኳ አይደርቅም። እዛ ያለው ታላቅ ወንድሜ ዘንድሮ በበጋው መሀሉን ቦይ ቀዶ ውሃውን አፍስሶ ገብስና ድንች ሊያረግበት አስቧል። እናታችን ግን ከታች ያለው ምንጭ ይነጥፋል ብላ አልተዋጠላትም። ጀርመኖቹ ከተጠቀሙበት እኛስ ለምን አንጠቀምም? የኛው ከነሱ ጋር አንድ ነው ወይ? ቦዩ ይቆፈር ወይስ ይቅር?»

ጋሼ፣ እናትዎ ልክ ናቸው። ቦዩ ይቅር። አሁን ምክንያቱን ላስረዳዎት።

ያ ጥቁር ነገር ፒት ነው የሚባለው፣ አፈር ይምሰል እንጂ አብዛኛው ሳይበሰብስ የቀረ ሳርና ስራስር ነው። ጨፌው ክረምት ከበጋ ውሃ ስለማይለየው ከስር አየር አይገባም፣ አየር ከሌለ ደግሞ የሞተውን ሳር የሚያበሰብሱት ደቃቅ ነፍሳት እንደልባቸው አይሠሩም፣ በዛ ላይ የተራራው ብርድ አለ፣ ስለዚ የዘንድሮው ሳር የአምናው ላይ ይተኛል የአምናው የካቻምናው ላይ፣ እንዲህ እያለ ይደራረባል። ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ከጨመረ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ቦታ ከዛም ያንሳል። ስለዚ አንድ ክንድ ቆፍረው የሚያወጡት ጭቃ አፄ ፋሲል ጎንደርን ሳይቆረቁሩ በፊት የበቀለ ሳር ሊሆን ይችላል። አንድ ሜትሩ የሺህ ዓመት ነገር ነው። ቦዩ ግን ሁለት ሦስት ጎበዝ ካለ በአንድ ሳምንት ይቀደዳል፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ግን እውነት ፒት መሆኑን ወንድምዎ ያረጋግጡ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ጥቁር መሬት ሁሉ አንድ አደለም። ደምቢያና ፎገራ ያለው ዋልካ ነው፣ ሸክላነቱ የበዛ ከባድ አፈር፣ ክረምት ይጣበቃል በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ሰሜን ተራራ ከፍታው ላይ የሚታረሰው ጥቁር አፈር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ለስላሳ አፈር ነው፣ እሱም ፒት አደለም። መለየቱ ቀላል ነው። ከጉልበት ጥልቀት አንድ እፍኝ ያውጡና ጥብቅ አርገው ይጭመቁት፣ ዋልካ ከሆነ ጣት ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ፒት ከሆነ ግን በጣቶቻቸው መሀል ቡናማ ውሃ ይወርዳል፣ መዳፋቸው ላይ የሚቀረው ክር ክር ያለ ነገር ነው፣ ጠጋ ብለው ካዩት የሳሩ ሥርና ግንድ ገና ይለያል፣ ገለጥ ገለጥ ሲያረጉት እርጥብ የረግረግ ሽታ አለው። ያንን እፍኝ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ቢያሰጡት ከመጀመሪያው ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ነው የሚቀርለት፣ ምክንያቱም እርጥቡ ፒት ከክብደቱ 90 በመቶ አካባቢ ውሃ ነው። ከደረቀ በኋላ ፍም ላይ ጣል ቢያረጉት ነበልባል ሳያወጣ እየጨሰ ቀስ ብሎ ያልቃል። ሲረግጡት የሚረግበው ለዛ ነው፣ የቆሙት ሳር የያዘው ውሃ ላይ ነው።

ሰሜን ተራራ ላይ እንደዚህ ያለ ቦታ አለ፣ ግን እንደ አውሮፓው የተንጣለለ አደለም፣ ጓሳውና ጅብራው ካለበት ከፍታ ላይ በየሸለቆው ራስ ዝቅ ባለው ቦታ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እያለ ነው የሚገኘው። አንድ ልዩነት አለ፣ የጀርመኑ ፒት በብዛት ሞስ ከሚባለው ሥር ከሌለው ትንሽ እጽ የተሠራ ነው፣ የኛ ደጋ ግን አብዛኛው ከቄጠማ ዘመድ ነው፣ ጉብ ጉብ እያለ ከሚበቅለው። ሥራቸው ግን አንድ ነው። ክረምት የወረደውን ውሃ ይይዙና በበጋ ትንሽ በትንሽ ይለቃሉ። ሰሜን ላይ ትልቅ ሐይቅ የለንም፣ ውሃችን የሚቀመጠው በእንደዚህ ያለ መሬት ውስጥ ነው፣ ከዛ ነው በየምንጩ ወጥቶ ወደ ተከዜ የሚወርደው። የተራራ ሐይቅ ማየት የፈለገ ባሌ ይሂድ፣ ጋርባ ጉራቻ የሚባለው 3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ድሮ የበረዶ ግግር የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ። ባሌን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ደጋ ላይ የወጣው በቅርብ ነው የሚል ብዙ ነው፣ ግን እዛው ባሌ ተራራ ላይ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የድንጋይ ጥግ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እየኖሩ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አስታውቀዋል፣ በረዶው ገና ተራራው ላይ እያለ ማለት ነው። ስለዚ ሰው ያልነካው ተራራ እንፈልግ ብንል አናገኝም። ጥያቄው ሰው ነካው አልነካው ሳይሆን እንዴት አርጎ ነው የነካው ነው።

አሁን ወደ ጀርመኖቹ። ታናሽ ወንድምዎ የነገረዎት እውነት ነው። ኦደርታይኽ ከ1715 እስከ 1722 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ግድብ ነው፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ጀርመን ውስጥ ከሱ የሚበልጥ ግድብ አልነበረም። የሠሩት ለማዕድን ነው። ሳንክት አንድሬያስበርግ የሚባል የብር ማዕድን ከተማ ነበራቸው፣ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ውሃ እየሞላ ያስቸግራቸዋል፣ ውሃውን የሚያወጣ ሞተር ያኔ የለም፣ ስለዚ ከተራራው ላይ ውሃ አጠራቅመው በቦይ ጠልፈው ትልልቅ የእንጨት ጎማ ያሽከረክሩበታል፣ ጎማው ደግሞ ከጉድጓዱ ውሃና ድንጋይ ያወጣል። ውሃን በውሃ ነው ያወጡት፣ ጎበዞች ናቸው። የግድቡና የቦዩ ሥርዓት በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎታል፣ ማዕድኑ ከተዘጋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ውሃው ግን ዛሬም እዛው የድሮው ጉድጓድ ውስጥ መብራት ያመነጫል። በነገራችን ላይ ውሃ ጠልፎ ማጠራቀም ለኛም አዲስ አደለም፣ የጥምቀቱ የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ነው የሚሞላው፣ ያ ደግሞ ከኦደርታይኽ ይቀድማል።

ፒቱን ማንደዳቸውም እውነት ነው። ማዕድኑ ጫካውን ስለጨረሰባቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዛ ከፍ ብሎ ቶርፍሃውስ በሚባለው ቦታ ፒት እየቆረጡ ለማገዶ ሞክረዋል። ግን ሃርዝ ጭጋግና ዝናብ ስለማይለየው አልደርቅ እያለ አስቸገራቸውና ተዉት። ቦዩ ግን ተቆፍሮ ቀረ፣ ጉዳቱም አብሮ ቀረ።

ጉዳቱ ምንድነው ካሉ፣ በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው እንግሊዝ ሀገር ነው። ሆልም ፌን የሚባል ረግረግ አለ፣ አጠገቡ ዊትልሲ ሚር የሚባል ትልቅ ሐይቅ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ለእርሻ ብለው ሐይቁን አፈሰሱት። ያኔ አንድ ሰው መሬቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ ብሎ የብረት ምሰሶ ፒቱ ውስጥ አስቀበረ፣ ጫፉ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ። ዛሬ ያ ምሰሶ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ቆሟል። ምሰሶው ከፍ አላለም፣ መሬቱ ነው የወረደው። ውሃው ሲወጣ ፒቱ ይኮማተራል፣ አየር ሲገባ ደግሞ ለሺህ ዓመት ያልበሰበሰው ሳር መበስበስ ይጀምርና ጋዝ ሆኖ ይበናል፣ በነፋስ ይሄዳል፣ እሳት ከገባበት ደግሞ ከመሬት በታች እየጨሰ ለሳምንታት ይቃጠላል፣ ኢንዶኔዥያን የሚያስቸግራት እሳት አንዱ የዚህ ዓይነት ነው። በዓለም ላይ ፒት ያለበት መሬት ከየብሱ 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፣ ግን አፈር ውስጥ ካለው ካርቦን አንድ ሦስተኛ ያህሉ እዛ ነው ያለው፣ ለዛ ነው ሰዉ አሁን የሚጨነቅለት። አውሮፓውያኑ ራሳቸው አያቶቻቸው የቆፈሩትን ቦይ ዛሬ በብዙ ገንዘብ መልሰው በእንጨትና በአፈር እየደፈኑ ውሃውን ለመመለስ እየደከሙ ነው። ስለዚ ጋሼ፣ ከነሱ መማር ካለብን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻው ነው።

ወደ ወንድምዎ መሬት እንምጣ። ቦዩ ከተቀደደ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ያታልላል። የመጀመሪያው ሁለት ሦስት ዓመት ገብሱ ይሰጣል፣ ምክንያቱም የተጠራቀመው ሳር ሲበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ወንድምዎም «አያችሁ፣ ብያችሁ ነበር» ይላሉ። ከዛ መሬቱ ዝቅ ይላል፣ ቦዩን እንደገና ማጥለቅ ያስፈልጋል፣ ፒት ደግሞ አንዴ ደህና አርጎ ከደረቀ በኋላ ውሃ አልቀበልም ይላል፣ ዝናቡ ላዩ ላይ ይንሸራተትና ይሄዳል። ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ደረቅ። ምንጩን እስከ በጋው መጨረሻ የሚመግበው ያ ጨፌ ነበር፣ እሱ ከሌለ እናትዎ እንዳሉት ሚያዝያ ላይ እንስራ ይዞ ቁልቁል መውረድ ይመጣል፣ ያ ሸክም ደግሞ ማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ የታወቀ ነው፣ የሴቶቹና የልጃገረዶቹ።

ወንድምዎን ግን እንዳይቀየሟቸው። መሬት ጠቦ ነው፣ ልጅ በዝቶ ነው፣ ዝም ብሎ ተው ቢሏቸው ትክክል አይሆንም፣ የሚበሉትን ነገር አብረው ማሰብ አለብዎት። ከጨፌው የሚገኝ ጥቅም አለ፣ ሳይደርቅም። ጥቅምት ኅዳር ላይ ሳሩን በማጭድ አጭዶ ድርቆሽ መከመር ነው፣ ደጋ ላይ በበጋ የድርቆሽ ዋጋ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። እርጥብ እያለ ከብት በተለይ በሬና ፈረስ እንዳይገባበት፣ ኮቴው ይወጋዋል፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፣ ውሃው በዛ ተያይዞ መንገድ ያወጣና እሱ ራሱ ቦይ ይሆናል፣ ማንም ሳይቆፍረው። በጋ መጨረሻ ላይ ጠፈፍ ሲል በግ ማስገባት ይቻላል። የምንጩን ዓይን በእሾህ ይከልሉትና ከሱ በቧንቧ ወደ ታች ወስደው ገንዳ ይሥሩ፣ ከብቱ እዛ ይጠጣ። ድንቹ ዳር ላይ ካለው ደረቅ ተዳፋት ይሁን፣ እርከን ተሠርቶለትና ፍግ ገብቶለት፣ እርከኑ ደግሞ አፈሩ እየታጠበ ጨፌው ላይ እንዳይወርድ ይጠቅማል። ባህር ዛፍ አጠገቡ አይተከል፣ እባክዎትን፣ ጨፌን ያለ ቦይ የሚያደርቅ ዛፍ ነው። ድሮ የተጀመረ ቦይ ወይ ቦረቦር ካለ በድንጋይና ከነሳሩ በተቆረጠ አፈር አሁኑኑ በየተወሰነ እርምጃ ይገድቡት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ጨፌው የብቻችሁ ቢሆንም ውሃው የብቻችሁ አደለምና ከታች ካሉት ጎረቤቶች ጋር ተነጋገሩበት። መንዝ ጓሳ ላይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ የሚባል ደንብ ነበር፣ ሰዉ የራሱን ጠባቂ ይመርጣል፣ ጓሳው ሦስት ዓመት አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም እኩል ያጭዳል፣ ለቤት ክዳን ለገመድ ለመኖ። እ.ኤ.አ. ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደንቡ ፈረሰ፣ ቦታው ግን ያን ያህል ዘመን ስለተጠበቀ ዛሬም አለ፣ ሕዝቡም መልሶ በራሱ እየጠበቀው ነው። ወደኛ ስንመጣ ሰሜን ፓርክ ውስጥ ግጭ መንደር ላይ የሆነውን ያውቃሉ፣ ሜዳው በእርሻና በግጦሽ ተጎድቶ ሰሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፣ መንደሩ በ2016 ወደ ደባርቅ ተነሳ፣ ፓርኩም በ2017 ከመዝገቡ ወጣ። ሳሩ ተመልሷል ደስ ይላል፣ ግን አያት ቅድመ አያቱ ከኖሩበት የተነሳው ሰው የከፈለው ዋጋ ቀላል አደለም፣ እሱን ሳይናገሩ ሳሩን ብቻ ማድነቅ ልክ አይመስለኝም። መሬቱ ሳይጎዳ በፊት ደንብ ማውጣት ከዛ ሁሉ ያድናል።

«ሰላም ለናንተ ይሁን። ጎርጎራ ነው የማስተምረው። ክፍል ውስጥ ስለ ጣና ስናወራ አንድ ልጅ አያቴ ሐይቁ ድሮ ሜዳ ነበር ብለውኛል አለ፣ ሌሎቹ ሳቁበት፣ እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ። እውነት ደርቆ ያውቃል? ሌላው ደግሞ ደንገሉ እያለቀ ነው፣ ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ሩቅ ሄደው ነው የሚያጭዱት፣ ለምንድነው?»

እህቴ፣ ልጁን ነገ ክፍል ውስጥ አስነሺና አያትህ ትክክል ናቸው በይልኝ። ተመራማሪዎች የሐይቁን ወለል በቱቦ ሰርስረው ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የጭቃ ናሙና አውጥተዋል፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከታች ያገኙት ደረቅ ጠጣር መሬት ነው፣ የዛሬ 17 ሺህ ዓመት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር፣ አባይም ከጣና አይወጣም ነበር ማለት ነው። ከዛ በላይ ያለው ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ፒት ነው፣ የደንገል ፒት። ዝናቡ መመለስ ሲጀምር ሐይቁ መጀመሪያ የሞላው ውሃ ሳይሆን ደንገል ነው፣ ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት መሀሉ ድረስ ረግረግ ነበር፣ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ሞልቶ ወደ አባይ መፍሰስ የጀመረው። ጣና እንደምታውቂው ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ከደቡብ በኩል የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መውጫውን ዘግቶት የተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ። ለዛ ነው ትንሽ ሲጎድል ብዙ ዳር የሚገለጠው።

ደንገሉ ደግሞ የሚኖረው እዛው ዳር ላይ ነው፣ ስለዚ የዳሩ ነገር ሲነካ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ባህር ዳር ጋ ያለው ጨረጨራ የሚባለው መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ከጀመረና በ2001 በሮቹ ከተጨመሩ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ነው ያለው፣ በ2003 በጣም ወርዶ መርከቦች እስከ መቆም ደርሰዋል፣ ያኔ የተገለጠው መሬት ወዲያው ታረሰ። ባህር ሸሽ እርሻ በራሱ ጥንት የነበረ ነው፣ ውሃው ሲሸሽ ሽምብራውን ጓያውን ይዘሩበታል፣ ያ ምንም አደለም። ችግሩ ደንገሉ ተነቅሎ ዳሩ ቋሚ ማሳ ሲሆን ነው። በዛ ላይ ከመገጭና ከርብ ወንዞች የሚመጣው ደለል አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጩ፣ ከደምቢያ በኩል ነው የጀመረው፣ ደንገሉ ቢኖር ዳሩን ይይዝበት ነበር። ፎገራ ላይ ያሉት ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎችም እንደዛው፣ ለሽንኩርትና ለሩዝ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ እየጠበቡ ነው፣ ወፎቹ የሚከርሙበት ቦታ ነበር።

ተማሪዎችሽን አንድ ቀን ደንገል ያለበት ዳር ውሰጃቸውና ከሥሩ ያለውን ጥቁር ጭቃ በእጃቸው ይንኩት፣ ሲጨምቁት የሳሩን ክር ያዩታል። ደንገሉ ውሃውን ያጠራል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ደግሞ እንዲህ ባለ ጥልቀት በሌለው ዳር ነው የሚራባው፣ ስለዚ ደንገል የተነቀለበት ዳር ላይ ዓሣ አስጋሪውም ይጎዳል። ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ደንገሉን ሲያጭዱ ሥሩን አይነቅሉም፣ ሥሩ ካልተነካ መልሶ ይበቅላል፣ በጥቂት ወር ውስጥ። የጠፋው በነሱ ማጭድ አደለም፣ ይሄንን ለልጆቹ ማስረዳት ጥሩ ነው ምክንያቱም ስማቸው ያለ ጥፋታቸው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

«የችግኝ ማፍያ አለኝ፣ አበባና አትክልት አፈላለሁ። ከውጭ የሚመጣው ፒት ሞስ ዋጋው አልቻልንም። አንድ ሰው ከደጋ ረግረግ ጥቁር አፈር በጆንያ አምጥቼ ልሽጥልህ እያለኝ ነው፣ ጥሩ ነው ወይ?»

ወንድሜ አትግዛው። አንደኛ ከላይ ያልነው ነው፣ በጆንያ የሚመጣልህ የአንድ ሰፈር ምንጭ ነው። ሁለተኛ ለራስህም አይሆንህም፣ ያ ሰው ፒት ብሎ የሚያመጣልህ አብዛኛው ጭቃና ደለል የተቀላቀለ ነው የሚሆነው፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ሲደርቅ ጥጥር ብሎ ሥሩን ያንቃል፣ የረግረግ አረም ዘርም ይዞልህ ይመጣል።

በሱ ፋንታ ብስባሽ ራስህ አዘጋጅ። ከገበያ የሚጣለው የአትክልት ትርፍራፊ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የጤፍ ገለባ፣ ትንሽ ፍግ፣ እያፈራረቅህ ከምረውና ውሃ እያጠጣህ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ገልብጠው። መሀሉ እጅህን ስትከት የሚያቃጥልህ ሙቀት ላይ መድረሱ ግዴታ ነው፣ አረሙንና በሽታውን የሚገድለው እሱ ሙቀት ነው፣ ካልሞቀ ወይ ደርቋል ወይ ፍጉ አንሷል። ከሦስት አራት ወር በኋላ ሽታው የአፈር ሲሆን በወንፊት ንፋውና ሁለት እጅ ብስባሽ አንድ እጅ ደቃቅ የወንዝ አሸዋ አርገህ ቀላቅለው። ውሃ እንዲይዝልህ የተፈጨ ገለባ ጨምርበት፣ ግን አብሮ የበሰበሰውን እንጂ ጥሬውን አታርገው፣ ጥሬ ገለባ የችግኙን ምግብ ይሻማል። እምቦጭም ለብስባሽ ይሆናል የሚል ሰምተህ ይሆናል፣ ይሆናል፣ ግን ከጣና ዳር እርጥቡን ጭነህ ጎንደር እንዳታመጣው፣ ቁራጩ አንገረብ ግድብ ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። መጀመሪያ በአስር ፕላስቲክ ሰላጣ ዘርተህ ሞክረው፣ በሳምንት ውስጥ እኩል ከበቀለና ቅጠሉ ካልወየበ ሌላውን ቀጥል፣ ከወየበ ብስባሹ ገና ነውና አንድ ወር ጨምርለት።